ጊታር የሌለበት ፍላሜንኮ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ጃዝ መስማት ከጀመርኩ ገና 2 ዓመቴ ነው። የአሜሪካዊው ትራምፔት ነፊ የማይልስ ዴቪስ «ስኬችስ ኦፍ ስፔን» የተባለው አልበም ፍቅር አስይዞኛል፤ ማታ ማታ እሱን ሳልሰማ አልተኛም። በቀደም ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አሰማኋት፤ ስፔን፣ ሴቪያ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። ትንሽ ሰማችና «ቆንጆ ነው፤ ግን ፍላሜንኮ አይደለም» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ባልደረባሽ ልክ ናት። አንቺም ግን አልተሳሳትሽም።

መጀመሪያ እሷን የጎደላት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ፍላሜንኮ አንዳሉሲያ የሚባለው የደቡብ ስፔን አካባቢ የዘፈን፣ የጊታርና የውዝዋዜ ባህል ነው፤ እዚያ ውስጥ ላደገ ሰው ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከምቱ ነው። ኮምፓስ ይሉታል። ሶሌያ የሚባለውን ስልት ብትወስጂ በ12 ምት ነው የሚዞረው፤ ጠበቅ የሚለውም በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ8ኛው፣ በ10ኛውና በ12ኛው ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ በእጅሽ ሞክሪው። መጀመሪያ ሦስት ሦስት እያለ ይሄድና መሃል ላይ ወደ ሁለት ሁለት ይገባል። ዘፋኙም፣ ጊታር መቺውም፣ ተወዛዋዧም፣ ከጎን ቁጭ ብለው የሚያጨበጭቡትም ያንን ዙር በሆዳቸው ይዘው ነው የሚገናኙት። ኮምፓሱን የሚስት ሰው ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያ ሰፈር ቦታ የለውም።

አሁን አልበሙን እንደገና ስሚው። ጊታር የለም። ጭብጨባ የለም። ወለል የሚደበድብ ተረከዝ የለም። «ሶሌያ» የሚል 12 ደቂቃ ያህል የሚረዝም ሥራ አለበት፤ ስሙን ያየ የሴቪያ ሰው ጭብጨባውን ሲጠብቅ የሚመጣለት የጃዝ ድራምና የነሐስ መሣሪያ ነው። ትልቁ ሥራ «ኮንሲየርቶ ዴ አራንሁዌዝ» ደግሞ ድሮውንም ከፍላሜንኮ ቤት የወጣ አይደለም። ስፔናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሆአኪን ሮድሪጎ እ.ኤ.አ. በ1939 ለጊታርና ለኦርኬስትራ የደረሰው ክላሲካል ሥራ ነው። የአልበሙ አቀናባሪ ጊል ኢቫንስ ሁለተኛውን ክፍል ወስዶ እንደገና አቀናበረው፤ ጊታሩ በነበረበት ቦታ የማይልስ ትራምፔትና ፍሉግልሆርን (ድምፁ ለስለስ ያለ የትራምፔት ዘመድ) ገቡ። ይህን ሰምታ «የኛ አይደለም» ብትል አልፈርድባትም።

ግን ማይልስ ጊታሩን ፈልጎ የሄደ አይመስለኝም። የፈለገው የዘፋኙን ድምፅ ነው። ካንቴ ሆንዶ የሚሉት፣ ጥልቅ ዘፈን ማለት ነው፣ ያ የአንዳሉሲያ የድሮ እንጉርጉሮ ድምፅን ማሳመር ላይ አይጨነቅም። ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዲት ቃል ላይ ቆሞ ሲጠማዘዝ ይቆያል፣ አንጀት ይበላል። ማይልስ ደግሞ ያደገው ብሉዝ እየሰማ ነው። ኖታን አጉብጦ ማስለቀስ ለሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

እስቲ «ሳኤታ»ን ለብቻው ስሚው። ስለዚህ ሥራ ብናገር ብናገር አልጠግብም። ሳኤታ አንዳሉሲያ ውስጥ በሰሙነ ሕማማት የሚዜም ነው። የክርስቶስ ወይም የእመቤታችን ምስል በሰልፍ ጎዳናውን ሲያቋርጥ አንድ ሰው ከፎቅ በረንዳ ላይ ሆኖ ያዜማል። ሰልፉ ይቆማል። ሕዝቡ ጸጥ ይላል። የሚያጅበው መሣሪያ የለም፤ ያ አንድ ድምፅ ብቻ ነው መንገዱን የሚሞላው። ሲያበቃ ከበሮው እንደገና ይመታና ሰልፉ ይቀጥላል። ጊል ኢቫንስ ያቀናበረው ይህንኑ ነው። ማርሽ ባንዱ ከሩቅ ይመጣል፣ ይደርሳል፣ ይቆማል፤ በረንዳው ላይ ዘፋኟ በምትቆምበት ቦታ ትራምፔቱ ቆሞ ያለቅሳል፤ ከዚያ ባንዱ እየራቀ እየራቀ ይሄዳል። ማይልስ እዚያ ላይ ኖታውን ቀጥ አድርጎ አይዘውም። ሰው ሊያለቅስ ሲል ጉሮሮው እንደሚያንቀው ዓይነት ነው የሚነፋው። አንቺ ማታ ማታ የምትሰሚው ይህንን ይመስለኛል፤ ይህ ደግሞ ከካንቴ የመጣ ለመሆኑ ምንም አልጠራጠርም።

ከዚህ በፊትም ሞክሮት ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1959 ኒውዮርክ ውስጥ የተቀረጸው፣ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለው አልበሙ ላይ ያለው «ፍላሜንኮ ስኬችስ» አምስት ቅኝቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንዱ ላይ እስኪበቃው ቆይቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የስፔን ጠረን ያለው አራተኛው ነው። ፒያኖ ካገኘሽ ነጫጮቹን ቁልፎች ብቻ ይዘሽ ከሚ እስከ ሚ ሂጂ፤ ከፋ ወደ ሚ ስትወርጂ ትሰሚዋለሽ። በጣም የምወደው ሥራ ነው፤ ነገር ግን ፍላሜንኮው አራተኛው ቅኝት ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ስሙ በዝቶበታል ባይ ነኝ።

ለባልደረባሽ የስፔኗን ከተማ የካዲስን ፒያኒስት ቻኖ ዶሚንጌዝን አሰሚያት። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ላይ ያሉትን የማይልስ ዜማዎች ወስዶ በኮምፓስ፣ በጭብጨባና በዘፋኝ ተጫውቷቸዋል። እሷ የጎደላት ሁሉ እዚያ አለ።

ጥያቄ፦ ጃዝ እንዲህ የሰው ባህል እየነካካ አያበላሽም ወይ? የኛም ሙዚቃ ላይ ሲደረግ አያለሁ፣ ያሳስበኛል።

መልስ፦ ስጋትህ ይገባኛል። እኔንም የሚያናድደኝ ነገር አለ፦ ያቺን ከሚ እስከ ሚ ያልኳትን ቅኝት ብቻ ወስዶ፣ ካስታኔት (በጣት የሚያንኳኩት ትንሽ የእንጨት መሣሪያ) አንኳኩቶ «ፍላሜንኮ ነው» የሚል ሰው። ዘፋኙን ቁጭ ብሎ ያልሰማ ያስታውቃል። የኛን ሙዚቃ በተመለከተ ግን የሙላቱ አስታጥቄ መንገድ ከማይልስ ይለያል። ሙላቱ ቅኝቶቹን ከቤቱ ይዞ ነው ጃዝን ፈልጎ የሄደው። ማይልስ በእንግድነት ነው የገባው።

ደግሞ ፍላሜንኮ ራሱ እንደምናስበው የተዘጋ ቤት አይደለም። ዛሬ ብዙ የፍላሜንኮ መድረክ ላይ ሰው ቁጭ ብሎበት በእጁ የሚመታውን የእንጨት ሳጥን አይተህ ይሆናል። ካሆን ይባላል። የስፔን የጥንት ዕቃ ይመስላል፤ የመጣው ግን ከፔሩ ነው፣ ያውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ። ጊታሪስቱ ፓኮ ዴ ሉሲያ እዚያ አግኝቶት ወደ ሙዚቃው አስገባው፤ በቡድኑ ውስጥ የሚመታው ብራዚላዊው ሩቤም ዳንታስ ነበር። ፓኮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 ገና ወጣት ሳለ ከሳክስፎኒስቱ ፔድሮ ኢቱራልዴ ጋር ጃዝ ቀርጿል። በኋላም ቡድኑ ውስጥ ሆርሄ ፓርዶን በፍሉትና በሳክስፎን አስገባ። ፓርዶ የዘፋኙን መስመር በፍሉት ሲይዘው ስማ፤ ትንፋሹ ሳይቀር የካንቴ ነው፣ ኮምፓሱም ከሥሩ አለ።