ቁጭ ብላችሁ ለምትውሉ የድሬዳዋ ልጆች

ውድ የድሬዳዋ ወጣቶች፣ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ባገለገልኩባቸው ዓመታት የታካሚዎቼ ዕድሜ እያነሰ ሲመጣ አይቻለሁ። ቀድሞ ወገቡን ይዞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ጎልማሳ ነበር፤ ዛሬ ግን ከባድ ዕቃ አንስቶ የማያውቅ ወጣት አንገቱን ማዞር ተስኖት ይገባል። ውሎውን ስጠይቀው ጠዋት በባጃጅ ወደ ሥራ ሄዶ ቀኑን ወንበር ላይ ያሳልፋል፣ ከሰዓት በርጫ (የጫት መቃሚያ ስብስብ) ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ደግሞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያመሻል።

በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያሉት ዲስኮች ካደግን በኋላ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ለማለት ይቻላል፤ ምግባቸው የሚደርሳቸው ከአካባቢያቸው በሚሰርግ ፈሳሽ ነው፤ ለዚህም እንቅስቃሴያችን ያግዛቸዋል። የጉልበታችን ልም አጥንትም የሚመገበው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ስንራመድ እየተጫነና እየተለቀቀ ፈሳሹን ይለዋወጣል። ወገብን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ደግሞ ሥራ ሲያጡ ይደክማሉ።

ስለ በርጫ ሳልናገር ባልፍ ስለ ከተማችን የጻፍኩ አይመስለኝም። ጫት ቃሙ ወይም አትቃሙ የሚለውን ለሌላ ጊዜ ልተወውና፣ አቀማመጡን ብቻ ተመልከቱት። ሰውነት ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሎ ክርኑን መከዳ ላይ ይደግፋል፣ እግር ይታጠፋል፣ ምርቃናው ድካሙን ስለሚያስረሳም ሰው ሳይነሳ ይመሻል። ሰውነት ቦታ ቀይር ሲል የሚልከውን ምልክት የማይሰማ ሰው ሕመሙን የሚያውቀው በማግስቱ ነው። እዚያ የምትቀመጡ ከሆነ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እስከ ግቢው በር ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ጎናችሁንም ቀያይሩ። ባጃጅ የምትነዱም ተሳፋሪ በምትጠብቁበት ጊዜ ከመቀመጫችሁ ውረዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ይህ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። በድሬ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ማልዳችሁ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ወይም ደቻቱን ተሻግራችሁ እስከ መጋላ ተራመዱ። ለጡንቻ ደግሞ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን መደጋገም፣ እንዲሁም በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ወደ ላይ ማንሣት ጥሩ ጅምር ነው። ዓመት ሙሉ ተቀምጣችሁ ከርማችሁ አንድ እሑድ ኳስ ሜዳ ገብታችሁ ራሳችሁን አታድክሙ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ።

ወገባችሁን ከያዛችሁ አልጋ ላይ አትክረሙ። ብዙው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሻለው ነው፤ አቅም በፈቀደ መጠን እየተንቀሳቀሰ የሚሰነብተው ሰውም ከተኛው ቀድሞ ወደ ሥራው ይመለሳል። በጣም የሚያሳስበኝ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ነው። ይህ መድኃኒት ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በሙቀቱ ብዙ ላብ አውጥቶ በቂ ውኃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ ለኩላሊት ጉዳቱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

በእንቅስቃሴ የማይታለፍ ሕመምም አለ። እግር ከዛለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ አትታሹ፤ በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚድን ነውና በቶሎ ተመርመሩ።