የማርካ ሸለቆ የእግር ጉዞ፦ የድሬና የሐረር ተጓዦች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ላዳክ ጥያቄው ስለበዛ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ። ለማያውቅ ሰው፦ ላዳክ በሰሜን ሕንድ ከሂማላያ ጀርባ ያለ የተራራ በረሃ ነው። ሰንሰለቱ የክረምቱን ደመና ስለሚያግደው በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዋናው ከተማ ሌህ 3,500 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ያለው የማርካ ሸለቆ ጉዞ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጃል። ከፍተኛው ቦታ ኮንግማሩ ላ የሚባለው የተራራ በር ሲሆን 5,200 ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ሌህ እንደደረሳችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ታርፋላችሁ። ይህንን ደጋግሜ እላለሁ።

ከሳቢያን፦ አቦ እኛ በረሃ ላይ ነው ያደግነው። ሙቀት አያስፈራንም። ይከብደናል?

እዚያ ሰው የሚጥለው ሙቀት አይደለም፤ የአየሩ መሳሳት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ሌህ ላይ የምትስበው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 65 በመቶ ገደማ ነው። ኮንግማሩ ላ ላይ ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቀን ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፣ ሌሊት ኒማሊንግ ካምፕ ላይ ብርዱ በነሐሴም ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ከድሬ የሚጠቅምህ ልማድ አለ፦ ራስህን መሸፈን፣ ሳይጠማህ መጠጣት፣ በቀትር ጥላ መፈለግ። እሱን ይዘህ ሂድ። «በረሃ አውቃለሁ» የሚለውን ግን እዚሁ ተወው።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ እኛ ሐረሮች ግን ከፍታ ላይ ስለምንኖር የምንታመም አይመስለኝም።

ከከዚራ፦ አሁን ደግሞ ሐረር ሂማላያ ሆነች?

ከሐረር፣ ጀጎል፦ ደንገጎን ስትወጡ ጆሯችሁ የሚደፈነው እናንተ ናችሁ አቦ።

ከከዚራ፦ እናንተስ ድሬ ስትወርዱ በሙቀቱ ስታለቅሱ?

በቃ። ሐረር 1,900 ሜትር እንኳን በደንብ አትሞላም። የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው የሚጀምረው። ሁለታችሁም ከዚያ በታች ናችሁ፤ ሁለታችሁም እኩል ትጠነቀቃላችሁ። እግር ለማጠንከር ከፈለጋችሁ ግን ደጃችሁ ላይ ጋራ ሙለታ አለላችሁ፤ 3,300 ሜትር ያልፋል። ቁንዱዶም 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ፣ ዕቃችሁን ተሸክማችሁ ውጡ። ለሳንባና ለጉልበት ይጠቅማል። ለከፍታ ግን ዋስትና አይሆንም።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ የቁንዱዶ የዱር ፈረሶች አሁንም አሉ?

ሌላ ቀን እናውራበት።

ከለገሐሬ፦ ስንት ያስወጣል?

በወቅቱ፣ በሰው ብዛትና በአስጎብኚው ይለያያል። ከድርጅቱ ጠይቁ።

ከገንደ ቆሬ፦ ጋሼ፣ የከፍታ ሕመም ሲባል ምን ማለት ነው? ወንድሜ ስፖርተኛ ነው፤ እሱንም ይይዘዋል?

ይይዘዋል። እንዲያውም ስፖርተኛው ሊብስበት ይችላል፤ ቶሎ ከወጣ። ሕመሙ ጉልበት አይቶ አይመርጥም። የሚያመጣው ፍጥነት ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታት ነው። ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላት፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። እዚህ ላይ ያለው ሕግ ቀላል ነው፦ ምልክት ካለብህ ከፍ ብለህ አታድርም። ባለህበት ታርፋለህ። ካልተሻለህ ትወርዳለህ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ፤ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን። ቀን ከፍ ብለህ መመለስ ችግር የለውም። ዋናው የምትተኛበት ነው።

ከዚያ በላይ ሁለት አደገኛ ነገሮች አሉ። አንዱ ሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠር ነው። ተቀምጦም የሚያለከልክ፣ የሚያስለው፣ ሮዝ አረፋ የሚተፋ ሰው ካያችሁ እሱ ነው። ሌላው የአንጎል እብጠት ነው። ሰውዬው ይምታታበታል፣ እንደሰከረ ይንገዳገዳል። ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ቀጥ ብሎ እንዲራመድ አድርጉት። ካልቻለ በዚያው ሰዓት ይወርዳል፤ ሌሊት ቢሆንም። «ጠዋት እናየዋለን» ማለት ሰው ይገድላል።

ማርካ ላይ ደግሞ ልዩ ወጥመድ አለ። የመጨረሻው ካምፕ ኒማሊንግ 4,700 ሜትር ያልፋል። በነጋታው በሩን ተሻግራችሁ መኪና ወዳለበት ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ሰው ሲታመም «በሩን እንለፍና ቶሎ መኪና ጋ እንድረስ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይሆንም። በሩን ለማለፍ በመጀመሪያ 400 ሜትር ገደማ መውጣት አለ። የታመመ ሰው ወደመጣበት ወደ ሃንካር መንደር ነው የሚመለሰው። መንገዱ ቢረዝምም ቁልቁል ነው። አስጎብኚያችሁ ይህንን ካላወቀ አብራችሁት አትሂዱ።

ከመጋላ፦ ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም ኪኒን ልውሰድ?

ሐኪምህን ጠይቅ። ለመከላከል ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ነው፤ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለው ሰው ሳያማክር እንዳይነካው። ኪኒኑ ዕረፍቱን አይተካም። ሌህ ላይ ሁለት ቀን።

ከድሬ፣ ታይዋን ሰፈር፦ ከባድ ነው?

ምኑ? መንገዱ? ብርዱ? ወጪው? ጥያቄህን ለይና መልስልኝ በል።

ከአዲስ ከተማ፦ ድንኳን ነው የምናድረው ወይስ ቤት?

ሁለቱም አለ። ስኪዩ፣ ማርካና ሃንካር ላይ ገበሬዎች ቤታቸው ያሳድራሉ። እኔ ቤቱን እመርጣለሁ። ገንዘቡ ለመንደሩ ይደርሳል፣ ምግቡም ትኩስ ነው። ገብስ ቆልተው ፈጭተው ነው የሚበሉት፤ ከእኛ በሶ ጋር አንድ ነው። በሶ የለመደ ሰው እዚያ አይራብም። በቅቤና በጨው የሚፈላው ሻይ ግን መጀመሪያ ይከብዳል፤ ቀስ ብላችሁ ልመዱት።

ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ይህንን በደንብ ስሙኝ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትትከሉ። አሸዋው ለጥ ያለ፣ ለመኝታ የሚመች ይመስላል። የድሬ ሰው ይህ ሊነገረው አይገባም ነበር። የድሬው ወንዝ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነው፤ ውሃው የደረሰው ሰው በተኛበት ነው። ሌህም በ2002 ዓ.ም. እንደዚሁ ሐምሌ መጨረሻ፣ እንደዚሁ ሌሊት ጎርፍ መታው። እዚያም ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ድንገተኛ ኃይለኛ ዝናብ ነው፤ ያ ሁሉ ጭቃና ድንጋይ ከራቁት ተራራ ወረደ።

ምክንያቱ አንድ ነው። ዛፍና ሣር የሌለው ቁልቁለት ውሃ አይይዝም። የወረደው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከራሳችሁ በላይ ሰማዩ ጥርት ማለቱ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ወደ ወንዙ ምንጭ ተመልከቱ። እዚያ ከጠቆረ ወደ ዳገቱ ውጡ። ዕቃ ለመሰብሰብ አትመለሱ።

የማርካን ወንዝ የምትሻገሩትም በጠዋት ነው። ሌሊት በረዶው ስለማይቀልጥ ውሃው ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታቀልጠው ይሞላል። በጠዋት ጉልበት ላይ የነበረው ከሰዓት ወገብ ሊደርስ ይችላል። አስጎብኚው «ምሳ በልተን እንሻገራለን» ካለ እምቢ በሉ።

ከለገሐሬ፦ ዋጋውን ግን አልነገርከንም።

መልሻለሁ።

ከነምበር ዋን፦ ጋቢ ይዤ ብሄድ ለብርዱ ይበቃል?

አይበቃም። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት። ስሊፒንግ ባግ ከዜሮ በታች የሚችል። ጋቢውን ለአውሮፕላን ያዘው።

ከመጋላ፦ አቦ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጫት ይዞ መግባት ይቻላል? ለድካም ብዬ ነው።

አይቻልም። ሕንድ ውስጥ የተከለከለ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ያሳስራል። አንድ እስር ጫት እንኳ ይዘህ ብትገባ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚባለው። ለዘመድ እንኳ አትያዝ።

ከታይዋን፦ ደቡብ አሜሪካ ግን ተራራ ላይ ለከፍታ ብለው የኮካ ቅጠል ያኝካሉ። ቅጠል ሁሉ ለከፍታ ጥሩ ነው ማለት ነው።

ከሳቢያን፦ ኮካና ጫት ምን ያገናኛቸዋል?

ከታይዋን፦ ሁለቱም ያነቃሉ።

ከሳቢያን፦ የኛ ሰፈር ልጆችም ነቅተው ነው የሚያድሩት፤ ማን ተራራ ወጣ?

እዚህ ላይ ላቁማችሁ። ከሕጉም ውጭ ጫት ለከፍታ ጠላት ነው። ልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል። ከፍታውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ታዲያ ሕመሙ ሲጀምርህ በምን ትለየዋለህ? ጓደኞችህስ በምን ያውቁልሃል? ምልክቱን የሚሸፍን ነገር ሁሉ አደጋ ነው። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒንም እንደዚሁ።

ከገንደ ቆሬ፦ ከዴልሂ በአውሮፕላን ነው በመኪና የሚሻለው?

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል አይፈጅም። ችግሩም እሱ ነው፤ ቁርስህን 200 ሜትር ላይ በልተህ ምሳህን 3,500 ሜትር ላይ ትበላለህ። ጊዜ ያለው ሰው ከስሪናጋር በመኪና በካርጊል በኩል ይሂድ። ካርጊል 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አንድ ሌሊት ማደሪያ ይሆናል። ከማናሊ የሚመጣው መንገድ ግን 5,000 ሜትር የሚያልፉ በሮች አሉት፤ ለጀማሪ አልመክርም። በአውሮፕላን የገባችሁ፦ ሁለት ቀን ዕረፍት። ሦስት ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

ከአዲስ ከተማ፦ ስልክ ይሠራል?

ሌህ ላይ አዎ፣ ሸለቆው ውስጥ አትመኑበት። ሌላ የሕንድ ክፍለ ግዛት ላይ የተገዛ ቅድመ ክፍያ ሲም ላዳክ ውስጥ አይሠራም። ሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ወንጀል ነው።

ከከዚራ፦ አስጎብኚ እንዴት ነው የሚመረጠው? ሁሉም ጎበዝ ነኝ ይላል።

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁት። ሌህ ላይ ስንት ሌሊት ያሳድረናል? ኦክስጅን ይይዛል? ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ይጠቀማል? ኒማሊንግ ላይ ሰው ቢታመም በየት ያወርዳል? ለሁሉም «ችግር የለም» ካለ ሌላ ፈልጉ። ጥሩ አስጎብኚ «አይሆንም» ይላል። ቀን የሚጨምርባችሁ፣ የሚያዘገያችሁ፣ የሚያስቀራችሁ ሰው ነው የሚሻለው። ፈረሶቹን የሚነዳው ሰውም የሸለቆው ልጅ ቢሆን መልካም ነው። የወንዙን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ሌህ ስንደርስ በዚያው ቀን ጉዞውን መጀመር እንችላለን? ፈቃዴ አጭር ነው።

ከላይ አንብቢ እህቴ። አይቻልም። ፈቃድሽ አጭር ከሆነ ባሌ ሂጂ፤ ሳነቲ 4,000 ሜትር ላይ ነው፣ በመኪናም ይደረሳል። እዚያም ቢሆን ማደሪያሽ ታች ይሁን።

ከነምበር ዋን፦ ከአሁኑ ምን እንጀምር?

ቢጫ ወባ ክትባት። ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው ሰርተፍኬት ትጠይቃለች። ሰርተፍኬቱ የሚጸናው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። ያልያዘ ሰው እስከ ስድስት ቀን ለይተው ያቆዩታል። ቲኬት ሳትቆርጡ ተከተቡ፤ ቢጫዋን ካርድ ፓስፖርታችሁ ውስጥ አድርጉ። ከዚያ ቀን ስታወጡ ለሌህ ዕረፍት ሁለቱን ቀን መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ሌላውን በተረፈው ቀን ሙሉ።