«ማን እየመራ ነው?» ስለ ስልት ጌሞች ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ጌም ቤት አለኝ። ቅዳሜ ማታ ልጆች አገር ገንብተው ጦር በሚያዘምቱበት «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በተባለው ጌም ሲወዳደሩ በትልቁ ስክሪን አሳያለሁ። ኳስ ሲኖር ቤቱ ይሞላል፤ ይህ ሲሆን ግን ሰው አሥር ደቂቃ አይቶ ይወጣል። ምን ላድርግ?

ሰዎቹ የሚወጡት ጨዋታው አስጠልቷቸው አይመስለኝም፤ ማን እየመራ እንደሆነ ስለማያውቁ ነው። ኳስ የማይከታተል ሰው እንኳ ገብቶ 2 ለ 1 የሚለውን ካየ ወገን ይይዛል። በዚህ ጌም ግን ጎል የለም። እያንዳንዱ ተጫዋች እስከ 200 ሰው ያሰማራል፤ ብዙዎቹ እንጨት ቆራጭ፣ አራሽና ወርቅ ቆፋሪ ናቸው። ጦርነቱ ሳይጀመር አሸናፊውን የሚለዩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፤ ካሜራው ግን ሰይፍ ወደሚማዘዝበት ብቻ ይሮጣል።

በስክሪኑ ጥግ ሁለት ነገሮችን ብቻ በትልቁ ያሳዩ፦ የእያንዳንዱን ተጫዋች ሠራተኞች ብዛት፣ በጌሙ ደረጃ በደረጃ ከሚያልፍባቸው አራት ዘመናትም የትኛው ላይ እንደደረሰ። «ካፕቸርኤጅ» የተባለው ለተመልካች የተዘጋጀ ፕሮግራም ይህን ያሳያል። ከዚያ በላይ ቁጥር አይደርድሩ።

ከቁጥሩ የሚበልጠው ግን ተጫዋቹ ያሰበው ነው። በቅርቡ እዚሁ ከተማ ውስጥ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ብርዱን ሸሽተው ጌም ቤት ገቡ። ስክሪኑን ጥቂት አዩና «ይሄኛው ምን ፈልጎ ነው?» ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው የነበረ ልጅ «ድንጋይ እያጠራቀመ ነው፤ 650 ሲሞላለት በሰውየው ደጃፍ ላይ ግንብ ሊሠራበት ነው» አላቸው። አባት በርጩማቸውን ሳቡ። 500 ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ይቆጥር ጀመር። አስተላላፊዎ ማድረግ ያለበት ያ ልጅ ያደረገውን ነው፦ ግጭቱ ሳይደርስ ዕቅዱን መንገር።

ተጫዋቾቹ አንዱ የሌላውን እንዳያይ የሚጋርደውን ጭጋግ ለተመልካች ልክፈተው ወይስ ልተወው? (ከደብረ ሲና)

አንተ ጣርማ በር ሥር እያደግህ ስለ ጭጋግ እኔ ልንገርህ! ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያየው ሰው የመኪናውን መብራት እንጂ መንገዱን አያይም። ተጫዋቹም እንዲሁ ነው፤ የራሱ ሰዎች የደረሱበትን ብቻ ያያል። ተመልካቹ ግን ሁለቱንም ወገን ሲያይ ነው ልቡ የሚንጠለጠለው፤ ደፈጣው የት እንዳለ እያወቀ ፈረሰኛው ሲገባበት ያያልና። ስለዚህ ክፈተው። ደፈጣው ሊመታ ሲል ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ተጠቂው እይታ ለውጠው፤ ያኔ ተመልካቹ «ለካ ምንም አይታየውም!» ይላል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ተጫዋቾቹ ትልቁን ስክሪን እንዳያዩ አስቀምጣቸው፤ የተመልካቹ ጩኸትም ምሥጢር ያወጣል። ኮሪያዎች «ስታርክራፍት» ለተባለው ሌላ የስልት ጌም ውድድር ድምፅ የማያስገባ ክፍል የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጆሮ ማዳመጫ ከፍ ያለ ሙዚቃ ማሰማትም በመጠኑ ይረዳል።

ጨዋታውን በአማርኛ ማስተላለፍ እፈልጋለሁ፤ ቃላት ግን ያጥሩኛል። (ከመሐል ሜዳ)

ቃላቱ በእጅህ ናቸው። ቀድሞ አገር የሚያስሰው ቃፊር ነው፤ ከኋላ ያለው ደጀን፤ ግንብ መክበቡ ከበባ። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው «የአፍሪካ መንግሥታት» በተባለው የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ሲገቡ ልዩ ወታደራቸው ባለ ሾተል ሆኗል፤ ፈጥኖ ይሠለጥናል፣ ከባድ ይመታል፣ ቶሎም ይወድቃል። ይህን በባዕድ ቋንቋ የሚያስተላልፍ ሰው የሾተልን ጉብጠት መግለጽ አለበት፤ አንተ ግን ስሙን ስትጠራ የመንዝ ሰው መሣሪያውን ያየዋል። በዚህ ዕድል ተጠቀምበት፤ እኔ በጣም እጓጓለታለሁ።

ልጄ ከስክሪኑ አይነሣም። ምን እንደሚያደርግ ባውቅ ደስ ይለኛል፤ ግን ዓይኔ ይዞርብኛል። (እናት፣ ከአንኮበር)

ገበጣ ሲጫወቱ አይተው ከሆነ ግማሹን ያውቁታል፤ የሚያሸንፈው ከአንድ ዙር በኋላ ያለውን የሚቆጥረው ነው። ስክሪኑን በሙሉ ለመከታተል አይሞክሩ፤ አንዲት ገበሬ ይምረጡና እንጨት ቆርጣ የት እንደምታደርስ ብቻ ይዩ። ውጊያ ሳይጀመር ደግሞ «አሁን ምን አስበሃል?» ይበሉት። ይነግርዎታል፤ ደስ ብሎት ይነግርዎታል።

የሁለቱ ወገን ቀለም ለውጥ ያመጣል? (ከሸዋ ሮቢት)

በጣም። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ተመልካቾች አሉ፤ ሰማያዊና ቢጫ ያድርጓቸው።