በፒክአፕ ላይ የሚጫን የጣሪያ ድንኳን፦ ጥያቄና መልስ

አሥራ አንድ ዓመት በጣሪያ ድንኳን፣ ማለትም መኪና አናት ላይ ታጥፎ ተጭኖ ማታ በሚዘረጋ ድንኳን ውስጥ አድሬያለሁ። ሦስት ድንኳኖች ቀያይሬያለሁ፤ የተጫኑባቸውን ሁለት ፖርቶመጋላዎችም በገዛ እጄ በይጃለሁ። ዛሬ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱና ጣሪያው በጉዞ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ተመልከቱ። ያንን ቁጥር ሳታውቁ ድንኳን አትምረጡ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ድንኳን ልገዛ ነው። ከሁሉም የሚሻለው የትኛው ነው?

መልስ፦ ለምን ዓይነት መኪና? ለስንት ሰው? በየቀኑ ቦታ ትቀይራለህ ወይስ አንድ ቦታ ሳምንት ትቀመጣለህ? አስፋልት ነው ወይስ ኮረኮንች? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ሰማያዊ ፒክአፕ፦ መመሪያው ጣሪያው 75 ኪሎ ይችላል ይላል። ያየሁት ድንኳን 62 ኪሎ ነው። ይበቃል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን እኔና ባለቤቴ ስንወጣበት ክብደቱ ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ነው። ጣሪያው አይጎብጥም?

መልስ፦ የፈራኸው የማያስፈራውን ነው። 75 ኪሎ የተባለው መኪናው ሲሄድ ነው። ፍሬን ስትይዝ ጭነቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ስትታጠፍ ወደ ጎን ይጎትታል፤ ጉድጓድ ገብተህ ስትወጣ ደግሞ ያ 62 ኪሎ ለቅጽበት እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኖ ጣሪያውን ይመታዋል። አምራቹ ቁጥሩን ዝቅ ያደረገው ለዚህ ነው። መኪናው ቆሞ እናንተ ስትተኙ ግን ክብደቱ ሳይንቀሳቀስ በጋቢናው ምሰሶዎች በኩል ወደ ታች ይወርዳል። የቆመ መኪና ጣሪያ ከተጻፈው ቁጥር ብዙ እጥፍ ይሸከማል።

የሚያስፈራው የረሳኸው ነገር ነው። ፖርቶመጋላውን መዝነሃል? እሱም ከ75ቱ ውስጥ ይቆጠራል። 18 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 80 ነው፤ ገና ከቤትህ ሳትወጣ አልፈሃል። በኮረኮንች የምትሄድ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ የፖርቶመጋላ አምራቾች የተፈቀደውን ክብደት ለ1.5 አካፍሉት ይላሉ፤ 75 የነበረው 50 ይሆናል። ስለዚህ ይህ ድንኳን ለጣሪያህ አይሆንም። ካሶኒው ላይ፣ ማለትም ከጋቢናው ኋላ ባለው የጭነት ሳጥን ላይ ጫነው።

የኋላ ወንበር፦ ስለ ካሶኒ ካነሱ አይቀር፣ ጋቢናው ላይና ካሶኒው ላይ በመጫን መካከል ይህን ያህል ልዩነት አለ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አዎን፣ የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ።

ፒክአፕ የተሠራው ካሶኒው ላይ እንዲሸከም ነው። እዚያ ያስቀመጥከው ክብደት በሻሲውና በባሌስትራው ላይ ያርፋል፤ የጋቢናው ጣሪያ ግን ቀጭን ላሜራ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ወሳኙ ከፍታው ነው። ከካሶኒው ጠርዝ እስከ ጋቢናው አናት ለካ እንበልና 50 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የታጠፈው ድንኳን ውፍረት 28 ቢሆን፣ 22 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፖርቶመጋላ ትሠራለህ። ድንኳኑ ከጋቢናው ጋር እኩል ይሆናል፤ ነፋሱን ጋቢናው ይሰነጥቅለታል። ከሥሩ ደግሞ ዕቃ የሚገባበት ሰፊ ቦታ ይተርፍሃል።

ይህን ስል ስለ ውበት አይደለም። ድንኳኑ ከፍ ባለ ቁጥር የመኪናው የስበት ማዕከል ከፍ ይላል፤ ጎን በሆነ ዳገት ላይ ስትሄድ መኪናው ወደ መገልበጥ የሚቀርበው በዚያው ልክ ነው። ነፋሱም ሌላ ዕዳ ነው። የነፋስ ግፊት የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ በሰዓት ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር ስትጨምር ግፊቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጋቢናው ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ ድንኳን ያን ሁሉ ይቀበላል፤ ነዳጁን የምትከፍለው አንተ ነህ። በሌሊት ተነስተህ በመሰላል ስትወርድ ደግሞ ሁለት ደረጃ መቀነሱ ምን ያህል እንደሚያስደስት የሚያውቀው የወረደበት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፖርቶመጋላውን በፍጹም ግማሹን ጋቢናው ላይ፣ ግማሹን ካሶኒው ላይ አታሳርፉት። ሁለቱ አካላት በሻሲው ላይ ለየብቻ የታሰሩ ናቸው። መንገዱ ሲጠማዘዝ ሻሲውም ይጠማዘዛል፤ ጋቢናው ወደ አንድ በኩል፣ ካሶኒው ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል። በመካከላቸው ያሰራችሁት ብረት ወይ ይሰበራል ወይ ላሜራውን ይቀድዳል። የካሶኒውን ጠርዝ ስትበሱም ከሥር ወፍራም የብረት ሳህን አስገቡ፤ ብሎኑ ባዶ ላሜራ ላይ ካረፈ ቀዳዳው ቀን በቀን እየሰፋ ይሄዳል። ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ደግሞ በየማዕዘኑ ሰያፍ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ አራት ቀጥ ያሉ እግሮች ብቻቸውን አይበቁም።

ባለ ብየዳ፦ ፖርቶመጋላው የግድ ቱቦላሬ ብረት መሆን አለበት። አልሙኒየም ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

ቀላል ጭነት፦ ይህ የቆየ ወሬ ነው። አልሙኒየም ከብረት ሲሶ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ክብደት ቀንሱ እየተባልን ብረት መቆለል ምን ማለት ነው?

ባለ ብየዳ፦ ሲሶው ለተመሳሳይ መጠን ነው። ያንኑ ጥንካሬ ለማግኘት ማወፈር አለብህ፤ ስለዚህ ያተረፍከው አንተ የምታስበውን ያህል አይደለም። በዚያ ላይ ብረት ሲሰበር የትም በይደህ ትቀጥላለህ።

ቀላል ጭነት፦ ዝገቱንስ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ፤ እዚህ ላይ ይብቃ። አልሙኒየም ከተበየደ በኋላ በስፌቱ አካባቢ ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በብሎን የሚገጣጠመውን ምረጡ፣ የተበየደውን ግን ተጠራጠሩ። ብረት የመረጠ ቀለሙን ይጠብቅ። እኔ ኮረኮንች ስለማበዛ ብረት ነው የተጠቀምኩት።

እርጥብ ማለዳ፦ ድንኳናችን አያፈስም። ነገር ግን ጠዋት ፍራሹን ስናነሳ ሥሩ ረጥቦ እናገኘዋለን፤ አሁን ጥቁር ነጠብጣብ ጀምሮታል። ሻጩ ውኃ የማያስገባ ነው ብሎኝ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጩ አልዋሸሽም። ውኃው ከውጭ የገባ ሳይሆን ከእናንተ የወጣ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ እርጥበት ያወጣሉ። ያ እርጥበት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውኃ ሆኖ ይቀመጣል። የድንኳኑ ወለል ከሥሩ ነፋስ የሚመታው ስለሆነ ከሁሉም ቀዝቃዛው እሱ ነው፤ ፍራሹ ደግሞ አየር ይከለክለዋል።

ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ብርድ ቢሆንም ሁለት ተቃራኒ መስኮቶችን በጥቂቱ ክፈቺ፤ ከታች የገባው አየር ከላይ ይውጣ። ሰው ይበርደኛል ብሎ ሁሉንም ዘግቶ ያድራል፤ ሲነጋ ግን የረጠበ ብርድ ልብስ ለብሶ ይገኛል፤ ይህም ይብስ ያቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ የተጠላለፈ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፊ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ጥቁሩ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጪና በደንብ አድርቂው፤ የፍራሹ ልብስ የሚወልቅ ከሆነም እጠቢው።

ለሁላችሁም፦ እርጥብ ድንኳን አጥፋችሁ አትርሱ። ዝናብ ላይ ማጠፍ ግድ ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት። ጥጥ ባለበት ሸራ ላይ የገባ ሻጋታ ቢታጠብም ምልክቱ አይለቅም። የመጀመሪያ ድንኳኔን ያጣሁት እንዲህ ነው፤ አንድ ሳምንት ዝናብ እንዳረፈበት ታጥፎ ቆየ፣ ስከፍተው ሽታው ዓይን ያስለቅስ ነበር።

አዲስ ሸራ፦ አዲስ ገዝቼ በመጀመሪያው ዝናብ በስፌቱ በኩል አንጠባጠበ። ልመልሰው?

መልስ፦ ሸራው ጥጥ ያለበት ከሆነ አትቸኩል። የጥጥ ክር ሲረጥብ ያብጣል፤ የመርፌውንም ቀዳዳ ይዘጋዋል። ከጉዞ በፊት ዘርግተህ በውኃ አርሰው፤ ሙሉ በሙሉ አድርቀው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገመው። ከዚያ በኋላም ከፈሰሰ መልሰው። ፖሊስተር ብቻ ከሆነ ይህ አይሠራለትም፤ ስፌቱ በማሸጊያ መቀባት አለበት።

ነጩ፦ ጣሪያዬ 60 ኪሎ ይችላል፤ ድንኳኑ 58 ነው፤ ሁለት ሰው ሲተኛበት ጣሪያው አይጎዳም?

መልስ፦ ከላይ ለሰማያዊ ፒክአፕ የጻፍኩትን አንብብ። ፖርቶመጋላውን ደምር። አይሆንም።

ሁለት ልብ፦ ጠንካራ ክዳን ያለው ይሻላል ወይስ ለስላሳው?

መልስ፦ በየቀኑ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ጠንካራው። መቆለፊያውን ትፈታለህ፣ በጋዝ የሚገፉት ዘንጎች ያነሱታል፣ በደቂቃ ጨርሰሃል። ለስላሳው አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ይረዝማል። ልጆች ካሉህ ግን ለስላሳው ወደ ውጭ ስለሚዘረጋ ሰፊ ነው። የወለሉ ግማሽ በመሰላሉ ላይ እንደሚደገፍ አትዘንጋ፤ መሰላሉ አሸዋ ወይም ጭቃ ላይ ከቆመ ከሥሩ ጣውላ አስገባ።

ብርድ የፈራ፦ በጣም በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ለአምስት ደቂቃ ውስጥ አብርቶ ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም።

ብርድ የፈራ፦ መስኮቱን ከፍቼስ?

መልስ፦ አይቻልም አልኩ። ከሚነድ ነገር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፤ መጀመሪያ ያደነዝዝሃል፣ ከዚያ ለመነሳት አቅም ያሳጣሃል። ሸራው ደግሞ እሳት የሚይዝ ነገር ነው፤ መውጫህም አንድ መሰላል ነው። ሙቅ ውኃ በጎማ ከረጢት ሞልተህ እግርህ ሥር አድርግ፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ግዛ። ምድጃ፣ ከሰል፣ ሻማ፣ ማንኛውም የሚነድ ነገር ወደ ውስጥ አይግባ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ሰው እንዳይጠይቀኝ።

መሬት ይሻላል፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ሁሉ ክብደት፣ ነዳጅና ብሎን ለምን አስፈለገ? መሬት ላይ የሚተከል ድንኳን 5 ኪሎ ነው።

ሰማያዊ ፒክአፕ፦ መሬቱ ጭቃ ሲሆንስ? ድንጋይ ሲሆንስ?

መሬት ይሻላል፦ ቦታ መርጦ መትከል ነው። እናንተ ደግሞ ውኃ ለመቅዳት በመኪና ለመሄድ ቤታችሁን አጥፋችሁ ትሄዳላችሁ።

የኋላ ወንበር፦ መኪናው ዘንበል ብሎ ሲቆምም ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግድግዳው ትንከባለላለህ።

መልስ፦ የተናገሩት እውነት ነው፤ ቅር ሊለን አይገባም። አንድ ቦታ አራት አምስት ቀን የሚቀመጥና በየቀኑ በመኪናው የሚወጣ ሰው መሬት ላይ ቢተክል ይሻለዋል። የጣሪያ ድንኳን ጥቅሙ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ለሚያድር ነው፤ ማታ ደክሞት ሲደርስ ፍራሹ ተነጥፎ ይጠብቀዋል። ስለ መዘንበሉ፣ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ሰፊ ጣውላ አስገቡ፤ ፍጹም ባይስተካከል እንኳ ራስጌው ከግርጌው ከፍ ይበል።

ፀሐይ፦ ክዳኑ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ልገጥም አስቤያለሁ። ስንት ዋት ይበቃኛል? ባትሪውስ?

መልስ፦ ዋቱንና ባትሪውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይንገርህ። እኔን የሚመለከተኝ ክብደቱ ነው፤ ሰሌዳው ከጣሪያው ቁጥር ይቀነሳል፤ የጋዝ ዘንጎቹም የሚያነሱት ክብደት ወሰን አለው። የድንኳኑ አምራች ክዳኑ ስንት ኪሎ እንደሚችል ጽፏል፤ አንብበው።

የልጆች እናት፦ የአምስት ዓመት ልጅ አለኝ። ከእኛ ጋር ላስተኛው?

መልስ፦ አስተኚው፤ ነገር ግን ከበሩ ራቅ አድርገሽ፣ ከአንቺና ከአባቱ መካከል። የበሩን ዚፕ ሁልጊዜ እስከ ታች ዝጉ። ልጁ ብቻውን መሰላሉን አይውጣ፣ አይውረድ። ትንሽ መብራት መሰላሉ አናት ላይ አንጠልጥሉ።

ነፋስ፦ ኃይለኛ ነፋስ ወይም መብረቅ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ነፋስ ከሆነ መኪናውን አዙረህ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አቁም፤ የሚርገበገበውን የዝናብ ክዳን አጥፍ። ምሰሶዎቹ መተጣጠፍ ከጀመሩ አትከራከር፤ ውረድና ዝጋው። መብረቅ ከሆነ ወዲያው ጋቢናው ውስጥ ግባ። የመኪናው የብረት አካል ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት ያሳልፈዋል፤ ሸራው ግን ምንም አያደርግልህም።

ባለ ብየዳ፦ ስለ ብሎን አልተናገሩም።

መልስ፦ አመሰግናለሁ። ዳዶው ውስጡ ናይሎን ያለው፣ በንዝረት የማይፈታ ይሁን። ድንኳኑን በጫናችሁ ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆማችሁ ሁሉንም አጥብቁ፤ ከዚያም በየጉዞው መነሻ። እኔ አንድ ጊዜ ለመቆም ሰንፌ ከኮረኮንች መንገድ ስወጣ ከስምንቱ ብሎኖች ሁለቱ ወድቀው፣ ሦስተኛው በጣት ሲነካ ሲዞር አገኘሁት። ያ ድንኳን ከኋላዬ በሚመጣ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። እስከ ዛሬ መፍቻው ከወንበሬ ሥር አይለይም።

ጀማሪው፦ ተመልሻለሁ። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ፣ ሁለት ሰው፣ በየቀኑ የምንንቀሳቀስ፣ አብዛኛው ኮረኮንች። ጣሪያው በጉዞ ላይ 70 ኪሎ ይችላል።

መልስ፦ አሁን ተነጋገርን። ጠንካራ ክዳን ያለው፣ ከ65 ኪሎ የማይበልጥ፣ ካሶኒው ላይ፣ ከጋቢናው አናት ያልበለጠ። ጣሪያህን ባዶ ተወው። የካሶኒህን ርዝመት ለካና የድንኳኑን ርዝመት ከጎኑ ጽፈህ ላክልኝ፤ በድንኳኑ ጀርባ በኩል ስንት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንደሚተርፍ ሳላይ ብረቱን አታስቆርጥ።

የኋላ ወንበር፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ጉዞ በሌለበት ወራት እዚያው ልተወው?

መልስ፦ አውርደው። ፀሐይ ሸራውንና ፕላስቲኩን ትበላለች፤ ነዳጅህም በከንቱ ይሄዳል። ለማውረድ አራት ሰው ጥራ፤ በሁለት ሰው ሞክሬ ወገቤን ለአንድ ወር አስሬበታለሁ። በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ ዚፖቹን በጥቂቱ ከፍተህ አስቀምጠው።