ፍየሏ ትሉን ለምን አትለምደውም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባቲ አካባቢ 14 ፍየሎች አሉኝ። ከሦስት ወር በፊት ለሁሉም የትል ክኒን አስውጬ ነበር። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ግን ሦስቱ እንደገና ከሱ፤ የአንዷማ አገጭ ሥር ውኃ ቋጥሯል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሁለተኛ አይዘውም ይባላል፤ ታዲያ የፍየል ሰውነት ትሉን ለምን አይለምደውም? ክትባትስ የለውም?

መልስ፦ አገጭ ሥር ያለው እብጠት ማታ ከግጦሽ ስትመለስ ጨምሮ ጠዋት ቀነስ የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሄሞንከስ የሚባለውን ደም መጣጭ ትል ነው። የሚኖረው አራተኛው የጨጓራ ክፍል ውስጥ ነው። ሴቷን ትል በቅርብ ካዩዋት ደም የሞላው ቀይ አንጀቷ ላይ ነጭ የእንቁላል ቱቦ እንደ ገመድ ተጠምጥሞበታል። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያስወጣል። ትንሽ ይመስላል፤ 1,000 ትል ካለ ግን በየቀኑ ወደ 50 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ሲኒ ሊሞላ ምንም የማይቀረው ደም ሄደ ማለት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ትሉ ደም ብቻ አይመጥም፣ የራሱን ፕሮቲኖችም ይረጫል። ቻይና ውስጥ የናንጂንግ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፍየል ደም ነጭ ሕዋሳትን ለይተው እነዚህን ፕሮቲኖች ጨመሩባቸው። ፕሮቲኖቹ ሕዋሳቱ ላይ ተጣበቁ፤ ጠላት ሲያዩ መብዛት የነበረባቸው ሕዋሳትም መብዛታቸው ቀነሰ። ጋሌክቲን የሚባለው የትሉ ፕሮቲን አንዱ ነው። ከትሉ የሚወጣው ፈሳሽ ኢንተርሉኪን 10ንም ከፍ ያደርጋል። ይሄ ሰውነት ራሱ «በቃ፣ ረጋ በሉ» የሚልበት ፍሬን ነው፣ ትሉ ግን ለራሱ ጥቅም ይረግጠዋል። ሙከራው በላብራቶሪ ዕቃ ውስጥ እንጂ ሆድ ውስጥ አይደለም፤ ቢሆንም ፍየል ደጋግማ የምትያዝበትን ምክንያት በደንብ ያሳየናል። ጭራሽ አትከላከልም ማለት ግን አይደለም። መከላከያዋ ቀስ ብሎ ነው የሚገነባው፣ ግልገሎችና በቅርብ የወለዱት ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ።

ክትባት አለ፤ ባርበርቫክስ ይባላል፣ በ2014 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ለበጎች ወጣ። ዘዴውን በጣም እወደዋለሁ። የተሠራው ትሉ ከሚረጨው ሳይሆን ከራሱ ከትሉ አንጀት ግድግዳ በተወሰደ ፕሮቲን ነው። በጉ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፣ ትሉም ከሚጠጣው ደም ጋር ወደ ሆዱ ያስገባዋል። ችግሩ በየጥቂት ሳምንቱ መደገም አለበት።

አሁን የሦስቱን የታችኛ የዐይን ሽፋን በብርሃን ገለጥ አድርገው ይዩ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ደሟ አልቋልና ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ክኒኑን በበግ መጠን አይስጡ፣ ፍየል መድኃኒቱን ቶሎ ከሰውነቷ ስለምታስወጣው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋታል፤ ልኩን ሐኪሙ በክብደቷ ያስላልዎት። ከመድኃኒቱ በፊትና ከ14 ቀን በኋላ በጠጣቸውን ያስመርምሩ። የትሉ እንቁላል ብዙም ካልቀነሰ ትሉ ያንን መድኃኒት ለምዶታል፤ ያኔ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ይቀይርልዎታል።