ለአይሱዙ ጎሚኒ ፓተንት ለጠየቅከው ወንድሜ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። የአይሱዙ ባሌስትራ ጎሚኒ፣ ያቺን ባሌስትራው መጋጠሚያ ላይ ገብታ ንዝረት የምታበርድ ቀለበት፣ ፖሊዩሬቴን ከሚሉት እንደ ላስቲክ ከሚለጠጥ ፕላስቲክ እየሠራህ ነው፣ ከላስቲኩ አብልጦ ቆይቶልሃል፣ አሁን ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) እንዴት ላውጣ ነው ያልከው። አንድ ትልቅ የትራንስፖርት ድርጅት ደግሞ ናሙናና የአሠራሩን ወረቀት አምጣ ብሎኛል፣ ልውሰድለት ወይ ብለሃል። እኔም እዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፣ የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፍኬቴም በእጄ ነው። ስለዚህ ብዙ አልዞርብህም።

1. ጎሚኒውን ለሁለት ሰንጥቀህ አንስተህ የለጠፍከውን ፎቶ አጥፋው። አሁኑኑ። የውስጡ የግሪስ ቦይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማመልከቻ ሳይገባ ለሕዝብ የታየ ነገር ነገ "ይሄማ አዲስ አይደለም" ተብሎ ሊመለስብህ ይችላል። ከታች "ጎበዝ፣ በርታ" የሚሉህ ሁሉ ለመልካም ቢሆንም፣ ፎቶውን እያስቀመጠ ያለውን ሰው አታውቀውም።

2. ለድርጅቱ ምንም አትስጥ። ማመልከቻህ ገብቶ ቀንና ቁጥር ያለበትን ወረቀት እስክትይዝ አንድ ፍሬም ከእጅህ አይውጣ። ወረቀቱን ማለት የአሠራሩን ቅመም ደግሞ ከዚያ በኋላም አትስጥ። ገዢ የሚገዛው ጎሚኒ ነው፤ ምን ከምን ጋር እንደቀላቀልክ ለምን ያስፈልገዋል? አንድ ሰው ይህን አጥብቆ ከጠየቀህ ሊገዛህ ሳይሆን ሊተካህ ነው የመጣው።

ይህን ስጽፍ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም በጓደኛዬ ላይ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። የሞተር ጎሚኒ የሚሠራ፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። አንድ አስመጪ ሱቁ ድረስ መጣ። "ለሙከራ ትንሽ ስጠኝ፣ ከተስማማኝ በሺህ ነው የማዝህ፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው" አለው። ሰጠው። ሰውዬው ስልክ ማንሳት አቆመ። ክረምቱ አልፎ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስንዞር ያው ጎሚኒ በካርቶን ተደርድሮ አገኘነው። ጓደኛዬ አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ሞልዱን፣ ማለት ጎሚኒው የሚፈስበትን ቅርጽ፣ ቶርኖ ማሽን ላይ ሲያወጣ ቢላዋው ሸርተት ብሎ ከዳሩ ላይ የተወው ትንሽ ጭረት ነበር፤ በእሱ ጎሚኒ ሁሉ ላይ ያ ጭረት ይወጣል። ከውጭ የመጣው ዕቃ ላይም ጭረቱ አለ! ናሙናውን ቻይና ልኮ እንዳለ አስገልብጦታል። ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ያስመዘገባችሁት ምን አለ?" ምንም አልነበረም። አስመጪው ዛሬም ይነግዳል፣ ጓደኛዬ ሞልዱን ሸጦ ጋራዥ ተቀጥሯል።

ይሄ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። ጎማ ላይ ስሙን የምታየው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ ሙቀትና ብርድ የሚችል አደረገው። ዛሬ መኪና ላይ ያለው አብዛኛው ላስቲክ የዚያ ሥራ ውጤት ነው። የአሜሪካን ፓተንት ያገኘው በ1844 ነው። ከዚያ በፊት ግን ናሙናው እንግሊዝ አገር ደርሶ ነበር። ቶማስ ሃንኮክ የሚባል የላስቲክ ባለሙያ ናሙናውን አይቶ፣ ድኝ እንዳለበት ጠርጥሮ፣ ሲሞክር ሲሞክር ደረሰበትና በ1843 መጨረሻ የእንግሊዝን ፓተንት ቀድሞ ጠየቀ። ጉድይር ሲደርስ በሩ ተዘግቷል። ተካሰሱ፣ እዚያም ተሸነፈ። በ1860 ሲሞት ዕዳ ነው ትቶ የሄደው። የጎማ ኩባንያው በስሙ የተሰየመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1898 ነው፣ ቤተሰቡም የለበትም። ናሙና ብቻውን ይናገራል ወንድሜ። የሚያውቅበት ሰው እጅ ከገባ ወረቀትም አያስፈልገው።

3. "ፓተንት" እያልክ አትድረቅ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአንተ የሚሆነው የአነስተኛ ፈጠራው ነው፣ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት ይሉታል። 5 ዓመት ይሰጥሃል፣ አገር ውስጥ እየሠራህበት መሆኑን ስታሳይ ሌላ 5 ይጨመርልሃል። ፓተንቱ 15 ነው፣ ሲራዘም 5 ይጨምራል፣ ግን ሚዛኑ ከባድ ነው። አስገቢ ፓተንት ውሰድ የሚልህም አይጠፋም፤ እሱ ውጭ አገር ፓተንት የወጣለትን ነገር እዚህ አምጥቶ ለሚሠራ ነው። አንተ የራስህን ነው የሠራኸው፣ እለፈው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ምኑን ነው የምታስመዘግበው? "ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ጎሚኒ" ብለህ ከጻፍክ አለቀልህ። ፖሊዩሬቴንን ኦቶ ባየር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1937 አውጥቶታል፣ ጎሚኒውም በየአገሩ ተሠርቷል። ጉግል ፓተንትስ፣ ኤስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕ የሚባሉ የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች አሉ፣ ሦስቱም ነጻ ናቸው። ገብተህ ፈልግ። እኔ ሌሊት ሌሊት ስፈልግ መጀመሪያ ሆዴ ባባ፣ ሌሎች ያላሰቡት ነገር ያለ አልመሰለኝም። በኋላ ግን ትምህርት ቤት ሆነልኝ። ጊዜው ያለፈበት ፓተንት የማንም ነው፣ ሥዕሉና ማብራሪያው ቁጭ ብሎልሃል፣ ተማርበት። ሌላ አገር ብቻ የተመዘገበም እዚህ አያስርህም፣ ወደዚያ አገር ልሸጥ ካላልክ በቀር።

እኔ ያስመዘገብኩት ቅርጹን ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። የላስቲክ ጎሚኒ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ራሱ ይጠማዘዛል። የእኛ የፖሊዩሬቴኑ ግን በመሃሉ በሚያልፈው ብረት፣ በፔርኖው ላይ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ግሪስ ይፈልጋል። በጠጠር መንገድ አቧራ ገብቶ ከግሪሱ ጋር ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ይሆንና ፔርኖውን ይበላዋል። እና ከዳሩ አቧራ የሚከለክል ከንፈር አወጣሁለት፣ ከንፈሩን ከውስጡ ጠመዝማዛ የግሪስ ቦይ ጋር አገናኘሁት። ይጠበቅልኝ ያልኩት ይህንን ነው። ቅርጽ ማንም የገለበጠው እንደሆነ በዓይን ይታያል፣ ዳኛም ያየዋል። ቅመሙን ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም። የትኛውን ፖሊዮል (የፖሊዩሬቴኑ አንዱ ጥሬ ዕቃ ነው) እንደተጠቀምኩ፣ እንዴት እንዳደረቅኩት፣ ምድጃ ውስጥ ስንት ሰዓት እንዳቆየሁት ያልጠየቅኩበት ነገር ስለሆነ እንድገልጸው አልተገደድኩም። ሌላው ሰው ቤቱ ውስጥ በምን ቅመም እንደሠራ በምን ታረጋግጣለህ? የሚታየውን አስመዝግብ፣ የማይታየውን ደብቅ። በዚህ እኮራለሁ፣ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያሰብኩት።

ስለ ቅመም ካነሳን፣ ፎቶህ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አይቻለሁ። በክረምት ነው ያፈሰስከው አይደል? ኬሚካሉ እርጥበት ካገኘ ጋዝ ያወጣል፣ ያ ነው አረፋ የሚሆነው። ከላይ ያማረውን በሰጌቶ ስትቆርጠው ውስጡ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ፖሊዮሉን በቫክዩም አድርቀው፣ ቆርቆሮውን ከፍተህ አትተወው። ጥንካሬውንም አታብዛው። በጥንካሬ መለኪያው 95 ሾር ኤ ብታደርገው አይበላም፣ ግን ንዝረቱን ሁሉ ለሻንሲው ያስረክባል፣ ሹፌሩም ይረግምሃል። ፖሊኤስተር የሚሉትን የፖሊዮል ዓይነት ከሆነ የምትጠቀመው ደግሞ ለዘይትና ለፍትጊያ ይበረታል እንጂ ውሃና እርጥበት ቀስ እያለ ይሰብረዋል። ጎርፍና ጭቃ ለሚረግጥ መኪና ፖሊኢተር የሚሉት ሌላው ዓይነት ይሻልሃል።

4 ስለ ላብራቶሪ ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ አስመርምረው፣ ትልልቅ ገዢዎች ያለ ውጤት አያናግሩህም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ የደረሰብኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሴትዮዋ ቀና ሳትል "ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?" አለችኝ። ከራሴ አልኳት። "እንግዲያውስ ራስህ ጋ ተመለስ፣ ለግለሰብ አንሠራም፣ ደብዳቤ አምጣ" አለችኝ። ጎሚኒዎቹን በፌስታል ይዤ ቆሜ ነው ይህን የምትለኝ፣ ተመላላሹ ሁሉ እየሰማ። ለመንኳት፣ አልሰማችም። አለቃዋም ያንኑ ደገመልኝ። በአገራችን የሚሠራ ሰው እንዲህ ነው የሚሸኘው? ወጣሁና በንግድ ፈቃዴ ማኅተም አስቀረጽኩ፣ በድርጅቴ ስም ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፈርሜ መታሁበትና ሌላ ላብራቶሪ ሄድኩ። እዚያ በደንብ አስተናገዱኝ። አንተም ከመሄድህ በፊት ማኅተምህን አዘጋጅ።

ስትሄድ ኦሪጅናሉን ላስቲክም አብረህ ውሰድ፣ በአንድ ማሽን ጎን ለጎን ይለኩልህ። ጥንካሬ ብቻ ለክተው እንዳይመልሱህ፣ ጥንካሬ ዕድሜ አይደለም። ፍትጊያውንና በሙቀት ካረጀ በኋላ ያለውን ጉልበት ጠይቅ። የተቀበለኝን ቦታ ስም በውስጥ መስመር እነግርሃለሁ። እያንዳንዱ ናሙና ላይ ምልክት አድርግበት፣ ሲጨርሱም የተቆረጠውን ሳይቀር ቆጥረህ ተረከብ።