ሙሽራው የጠየቃት ታንኳ

ከባህር ዳር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው።

ሰርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለኬክ የመደባችሁት 25 ሺህ ብር ነው። እጮኛሽ ከዝግጅቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ከትልቁ ነጭ ኬክ ሌላ፣ በታንኳ ቅርጽ የተሠራ የራሱ ኬክ። ኬክ ቤቱ ተጨማሪ 14 ሺህ ብር አላችሁ። እናትሽ «ሁለት ኬክ የት ታየ? የፈረንጅ ነገር!» አሉ። አንቺም በሚዜዎቹ ፊት «ልጅ ነህ እንዴ?» አልሽው። ከዚያ ወዲህ ስለ አዳራሹም ስለ ሱፉም ስትጠይቂው መልሱ አንድ ሆነ፤ «እንደፈለግሽ»። አንቺም «ኬኩን እንዴት ላስተወው?» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

የኔ ዓይን ያረፈው ግን በመሀል ነካ አድርገሽ ባለፍሽው መስመር ላይ ነው። «አባቱ ከዘጌ በታንኳ እንጨት እየጫኑ ባህር ዳር ሸጠው ነው ያሳደጉት፤ አሁን በሕይወት የሉም» ብለሻል።

እስቲ የሰርጉን ጠዋት አስቢው። ሙሽራው ከቤት ሲወጣ የወላጆቹን ጉልበት ስሞ ይመረቃል። እልልታው ይቀልጣል፣ ቪዲዮው ይቀረጻል። እሱ የእናቱን ጉልበት ስሞ ቀና ሲል አጠገባቸው አጎቱ ይቀመጡ ይሆናል። አባቱ ግን የሉም። ታንኳዋን የፈለጋት ለዚህ ይመስለኛል። እርግጡን የሚነግርሽ እሱ ነው፤ አንቺ ደግሞ እስካሁን አልጠየቅሽውም።

«እንደፈለግሽ» ሲል ተስማማ ማለት አይደለም። ሰው የጠየቀው ነገር በጓደኞቹ ፊት ሲናቅበት ሌላ መጠየቅ ያቆማል። ጆን ጎትማን የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አዲስ ተጋቢዎችን ለ6 ዓመት ተከታትለው ነበር። አንዱ ትንሽ ነገር ሲጠይቅ ወይም «ስሚኝ» ሲል ሌላው ምን ያደርጋል? በትዳር የዘለቁት ከ100 ጊዜ 86ቱን ዞር ብለው አዳምጠዋል፤ የተፋቱት 33ቱን ብቻ። ይህን ያነሳሁት ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። አንዴ አምልጦሽ ተናግረሻል፤ ይህ የሚታረም ነው።

እናትሽ ልክ ናቸው፣ ለሙሽራው የራሱን ኬክ ማሠራት የኛ ልማድ አይደለም። በተለይ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የተለመደ ነው፤ ከዋናው ኬክ አነስ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ቸኮሌት ነው፣ ሙሽራው በሚወደው ነገር ያጌጣል። ግን ባለ ሦስት ፎቁ ነጭ ኬክም ከውጭ የመጣ ነው። በድሮው ሰርግ የሚቆረሰው ድፎ ዳቦ ነበር። ይህን ለክርክር አታንሺባቸው። ይልቅ አማችሽ ሊሆኑ የነበሩት ሰውዬ ምን ዓይነት አባት እንደነበሩ ንገሪያቸው። እናት ናቸው፤ ይገባቸዋል።

የብር ጭንቀትሽን አላጣጥለውም። ተበድረው ደግሰው ትዳርን በዕዳ የጀመሩ ብዙ ጥንዶች አጋጥመውኛል። ስለዚህ ጣሪያው 25 ሺህ ይሁን፤ ከዚያ አትለፉ። ታንኳዋን ያስወደደው ቅርጹ ነው። ኬክ ጠርቦ ጀልባ ማድረግና ፎንዳንት በሚባለው የስኳር ሊጥ መሸፈን የብዙ ሰዓት የእጅ ሥራ ነው። እናንተ ባለ 2 ኪሎ ተራ የቸኮሌት ኬክ እዘዙ። ከላዩ የምትቀመጠው ታንኳ ግን የደንገል ትሁን። ለቱሪስት የሚሸጡትን ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ታውቂያቸዋለሽ። ክሬሙ እንዳይነካት ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን አድርጉላት። ኬኩ ተበልቶ ያልቃል፣ ታንኳዋ ቤታችሁ ትቀራለች። ከትልቁ ኬክ አንድ ፎቅ ቀንሱ፤ ወይም አንዱ ፎቅ ለዓይን ያህል በፎም ይሠራ እንደሆነ ኬክ ቤቱን ጠይቁ። ወቅቱ ጾም ስለሌለው የእንቁላልና የቅቤ ጣጣ የለባችሁም።

ደግሞ ትንሿ ኬክ የግድ በሰርጉ ቀን መቆረስ የለባትም። የሚያዝያ ሙቀት ዳስ ውስጥ ክሬም አያስተርፍም። ፍሪጅ ውስጥ ትቆይና መልስ ላይ ትውጣ። መልሱ የእናትሽ ቤት ነው። እናትሽ በገዛ ቤታቸው፣ በሁለቱም ዘመድ ፊት የአባቱን ታንኳ ከዳቦው አጠገብ ሲያስቀምጡለት ይታይሽ።

ኬክ ቤት ከመሄድሽ በፊት ግን አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ይዘሽው ውጪ። «በሚዜዎችህ ፊት እንዲያ ማለት አልነበረብኝም፣ ይቅርታ» በይው። «ግን እኮ ብሩ…» ብለሽ አትቀጥይበት። ነገሩ በሰው ፊት ስለተባለ ሚዜዎቹም ሲገናኙ ከአፍሽ ይስሙት። ከዚያ «ታንኳዋን ለምን እንደፈለግካት ንገረኝ» በይው። ቶሎ ላይመልስልሽ ይችላል። ጠብቂው።